በረዶ የተደረገለት እግር ወዲያው ሜዳ ይግባ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት በረዶ የተደረገለት ተጫዋች በዚያው ጨዋታ ተመልሶ መግባት የለበትም።» ደጋፊዋ ፊዚዮቴራፒስት፣ ተቃዋሚው የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ በረዶ ሕመም የሚያስታግሰው ነርቭን ስለሚያዘገይ ነው። እግር እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል የሚነግረውም ያው ነርቭ ነው። መልእክቱ ከዘገየ፣ ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ ፈጥነው መሳብ የሚገባቸው በባት ውጪ በኩል ያሉት ጡንቻዎችም ይዘገያሉ። ወለምታው ራሱ ጅማቱ ላይ ያሉትን ስሜት ተቀባዮች ጎድቷል፤ በዚያ ላይ ሕመሙ ተሸፍኗል። ስለዚህ ከበረዶ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይቆይ ማንም አይሩጥ። የሚረግጠውን የማያውቅ እግር ሣር ላይ አይለቀቅም።

ወጌሻው፦ እህቴ፣ 20 ደቂቃዋን ይዣታለሁ። ሐሳቡ «በዚያው ጨዋታ አይግባ» ይላል፤ እርስዎ 20 ደቂቃ ይቆይ አሉ። የእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ነው። በ25ኛው ደቂቃ የተጎዳ ልጅ በእርስዎው ሒሳብ ሁለተኛውን አጋማሽ ይጀምራል። ታዲያ የቆሙት ከሐሳቡ ጋር ነው ከእኔ ጋር? በረዶ በወጉ ሲደረግ እንዲህ ነው፦ የተፈጨ በረዶ በፌስታል፣ በረጠበ ስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከውጪኛው አጥንት ፊትና ሥር፣ 10 ደቂቃ። እዚያ ቦታ ሥጋም ስብም ስለሌለ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ትርፉ ድንዛዜ ነው። ውስጥ እግሩ አልተነካም። ዓይኑና የውስጥ ጆሮው ላይም በረዶ አልተደረገም፤ ሚዛን የሚጠበቀው በነዚህም ጭምር ነው። ጥናቶቹም ቢሆኑ አልተስማሙም፤ አንዱ ሚዛን ቀነሰ ሲል ሌላው ለውጥ አላየሁም ይላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ «ቢያንስ» ያልኩትን ዘለው ሒሳብ ሠሩ። ከነዚያ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በጤነኛ እግር ላይ ነው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለተጎዳ እግር ነው። አቀማመጡን አሳምረው ገልጸውታል፤ ሜዳ ዳር የሚታየው ግን ባልዲ ነው፦ በረዶ የተሞላ ውሃ፣ እግር እስከ ባት ንክር። ክብደት ወዴት እንዳዘነበለ የሚለየው ውስጥ እግር አብሮ ይደነዝዛል። ይባስ ብሎ በረዶን ከጉልበት በታች በውጪ በኩል በፋሻ ጠፍሮ የሚያቆይ አለ። እዚያ ነርቩ ከቆዳ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ከተጎዳ የእግር ፊት አልነሣ ይላል። ይህን የሚያውቅ ወጌሻ ስንት ነው?

ወጌሻው፦ ክርክሩ ስለ በረዶ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ወጌሻ ኖሯል። ባልዲውንም ራስዎ አመጡት፣ ራስዎ ደፉት። «ቢያንስ» ሲሉስ እስከ ስንት ነው? 25? 40? ሰዓት እግር አይመረምርም። ምርመራው ይኸውና፦ 4 እርምጃ መራመድ ያቃተው ወደ ራጅ ይሂድ። የቻለው ጫማውን አጥብቆ ይሰር፤ በተጎዳው እግር 30 ሰከንድ ይቁም፣ መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ፣ ቀጥሎ ጨፍኖ። በእግር ጣቱ 10 ጊዜ ይነሣ። በአንድ እግር ወደ ፊትም ወደ ጎንም አምስት አምስት ጊዜ ይዝለል። በመጨረሻ ሮጦ ድንገት ይታጠፍ። ካነከሰ ወይም ሲያርፍ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ካለፈ በቴፕ ታስሮ ይግባ። በረዶ ካስፈራዎት ሙቀት ያድርጉለት፤ በሙቀት ሚዛኑን የሳተ የለም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ የለም? ይህን ፍልውሃ ሄደው ይናገሩ። ሙቅ ውሃ የደም ሥር ይከፍታል፣ ግፊት ይወርዳል። ከገንዳው ብድግ ሲሉ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለአፍታ ያንሳል፣ ዓይን ይጨልማል፤ ወለሉ ደግሞ እርጥብ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ጠርዙ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ባታቸውን አንቀሳቅሰው፣ መደገፊያ ይዘው ነው መነሣት ያለባቸው። መልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ ሕመም) ያለበትን ሰውማ ሙቀት ብቻውን እርምጃውን ሊያናጋበት ይችላል፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 የገለጸው ችግር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ትኩስ ወለምታ ላይ ሙቀት ማድረግ ደግሞ እብጠት መጥራት ነው።

ወጌሻው፦ ስለ ተጫዋች ስከራከር ከአዛውንት ጋር ገንዳ ውስጥ አስገቡኝ! ሙቀት ስል ሰውነት ማሟሟቅ ማለቴ ነው፤ ከበረዶው በኋላ 5 ደቂቃ ሶምሶማ። ይኸው 20 ደቂቃዋም ጠፋች፤ ምርመራዬንም አልነኩትም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ልንካልዎት። ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም ብዙ ጤነኛም ያቅተዋል። ልጁ በደህናው እግሩም ይሞክረውና ይነጻጸር። ዋናው ግን፣ ምርመራው ከበረዶው በፊት ይሁን። የደነዘዘ እግር ሳያመው ቢዘል ምን ያረጋግጣል? በፊት የወደቀውን፣ በኋላ ስላለፈ ያስገቡታል?

ወጌሻው፦ አላስገባውም። በፊትም በኋላም ካለፈስ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ በፊት ካለፈ በረዶውን ለምን አደረጉለት?