ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን አንድ የድሮ ባልደረባዬ «አቦ አንተ እኮ ለሰው ብለህ ነው እንጀራህን ያጣኸው» አለኝ። ከልቡ አዝኖልኝ ነው። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ያናደደኝም «ለሰው ብለህ» ያላት ነገር ናት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ፓስታና ዘይት በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። በቆጠራ ዘጠኝ ካርቶን ጎደለ። ሱፐርቫይዘሩ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት ያልሞላትን ዕቃ አሻጊ ጠርቶ ሒሳቡ ከደሞዟ እንደሚቆረጥ ነገራት። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በጫማ ማሰሪያ ታስሮ የተንጠለጠለው እሱ አንገት ላይ ነው። ይህንኑ ሲነግራት እንኳ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክረው ነበር። «ቁልፉ አንተ ጋ፣ ዕዳው እሷ ጋ?» አልኩት። ያልኩት ይኸው ነው። እሷ ከኋላ ሸሚዜን ጎተት አድርጋ «ተው ወንድምዬ፣ ልጄን ላሳድግበት» አለችኝ። ሰባት ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ካርቶንም ስለ ደሞዝም አንድ ቃል የለበትም። «ከቅርብ ኃላፊ ጋር አምባጓሮ በመፍጠር» ይላል፣ ግርጌው ላይ ማኅተም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያገላበጥኩት ከተባረርኩ በኋላ ነው፤ እንደ አብዛኞቻችን። አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ደሞዝ መቁረጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ግን አንቀጽ 27 አለ፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ያነሳ ሰው፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። «ለባልደረባህ ስለተከራከርክ አባርሬሃለሁ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ከየት ይመጣል? 26ን ዘሎ 27 ላይ ያርፋል እንጂ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ያለው ተናገርኩ ወይስ ተደባደብኩ የሚለው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚያውቁት ሰባቱ ሰዎች ናቸው።

ሰባቱ ከመጠየቃቸው በፊት ሽማግሌ ገባ። «ድሬ የፍቅር ከተማ ናት፣ ምን ክስ ያስፈልጋል!» ተባለ። ሁለት ቅዳሜ በርጫ ላይ ተቀመጥን፣ ሦስተኛው በአንዱ ለቅሶ ምክንያት ተላለፈ፣ አራተኛው ላይ ድርጅቱ ሰው አልላከም። ስድስት ሳምንት እንደ ዋዛ አለቀ። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ግን ከስንብቱ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው፤ በርጫ ላይ የተቀመጡበት ቅዳሜ አይቀነስም። ሽምግልናን አልጠላም። ግን ክሱን ከፍቶ መሸምገልም ይቻላል። የሥራ ክርክር ደግሞ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ይህን የነገረኝ ሽማግሌ አልነበረም።

ከሰስኩ፤ ምስክር ፍለጋው ግን ባሰ። አንዱ ስልኩን ዘጋ። አንዷ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ፣ እየሳቀች። ችሎት የመጣው አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ ብቻ ነው። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው «እኔን ምን ያደርጉኛል? ቋሚ አይደለሁ!» አለኝ። ቋሚ ቅጥር ያላቸው ስድስቱ ፈሩ፣ ለነገው ዋስትና የሌለው መጣ።

በእሱ ቃል ስንብቱ ሕገወጥ ተባለ። ከዚያ ሰውዬ ሥር ተመልሶ መሥራት አላማረኝም፤ ካሳዬን፣ የ180 ቀን ደሞዜን፣ ይዤ ወጣሁ። ልጅቷ ከኔ በፊት በራሷ ለቅቃ ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ ትሸጣለች።

ዛሬ ቢሆን አፌን አልዘጋም፤ አካሄዴን ግን እለውጣለሁ። ያችን ጥያቄ መጋዘን ውስጥ ከመወርወር በወረቀት ጽፌ፣ ሁለት ሦስት ሰው አስፈርሜ፣ ቅጂዬ ላይ የተቀባይ ፊርማ እወስዳለሁ። በፊርማ የገባ ቅሬታን አምባጓሮ ማለት ይከብዳል። ይህች በባቡር የቆመች ከተማ ናት፤ በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ የባቡር ሠራተኞች ከፊተኞቹ ናቸው። እኛ መጋዘን ሠላሳ ሆነን ማኅበር አልነበረንም፣ አዋጁ የሚጠይቀው 10 ሰው ሆኖ ሳለ።

«ለሰው ብለህ» ላለኝ ወዳጄም ይህንኑ ነገርኩት። ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ሆኖ የጎደለው ከእሷ ደሞዝ ከተቆረጠ በሚቀጥለው ቆጠራ ከኔ ወይም ከእሱ ነው የሚቆረጠው፤ ለራሴ ነበር የተናገርኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ብርጭቆውን እያዞረ ቆየ። እሱም ያን ቀን ቆመው ከሰሙት ሰባቱ አንዱ ነበር።

የሻዩን ሒሳብ እኔ ልክፈል ብል እምቢ አለ።