ለክቡር ሃይላንድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባዶ ሆነው ከተራራ መውረድ ስላቃተዎት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ።

ማንም ያሽግዎት ማን፣ እኛ ዘንድ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ስሙ ሃይላንድ ነው። ትርጉሙ ደግሞ ደጋ። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ እርስዎ ያልወጡበት ደጋ የለም።

ይህን የምጽፈው እሁድ ማታ በእርስዎ ምክንያት ስለተዋረድኩ ነው። ወጨጫ ተራራ ወጥተን ነበር። ያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ ቆሞ፣ የቀረውን አንድ ሰው ጠብቆ የሚኬደው ሃይኪንግ። ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘው ሳሉ አርባ ሰው በፍቅር ተሸከመዎት። ከ3,300 ሜትር በላይ ወጡ። ተጠጡ። ጥቂት ግራም ሲቀርዎት ግን ከበዱ! የሚያወርድዎት ጠፋ። እኔ ሞኙ ከሾፌሩ በለመንኩት ማዳበሪያ እየለቀምኩ ወረድኩ። 83 ሆኑ።

ማታ መስቀል አደባባይ ወርጄ የአራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ሰልፉን መግለጽ አያስፈልግም። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ማዳበሪያው ቋ ቋ ይላል። ከፊቴ ያሉ እናት ዞር ብለው አዩኝና በትህትና፣ «ቆራሌው፣ ነገ በእኛ በኩል ብታልፍ የተሰበረ ወንበር አለኝ» አሉኝ። እሺ እናቴ አልኩ። ቆራሌው መባል ነውር ሆኖ አይደለም። ግን ከኋላዬ ሁለት ሰው አልፎ፣ ተራራው ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ያነሳሁት ልጅ ቆሟል። ከ83ቱ ሦስቱ የእሱ ናቸው፤ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ዞር ስል ስልኩ ላይ አቀረቀረ። አያውቀኝም!

ተራዬ ደረሰ። ረዳቱ እግሩን በሩ ላይ ጋረጠ።

«ፋዘር፣ ጆንያ አንጭንም።»

«ባዶ ሃይላንድ ነው እኮ!»

«ባዶም ይሁን ሙሉ ቦታ ይይዛል። የሁለት ሰው ክፈል።»

ልክፈል ብዬ ኪሴን ስዳብስ ያ ልጅ በጎኔ ሾልኮ ገባ። የመጨረሻዋ ወንበር ነበረች። ታክሲው ሄደ። በፍል ውሃ አድርጌ ዳገቱን ተያያዝኩት፤ የቀኑ ሁለተኛ ተራራ መሆኑ ነው።

ኔፓል በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኤቨረስት የሚወጣ ሁሉ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደንግጋ ነበር። 8,849 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ሰው መተንፈስ የሚቸገርበት። እኛ ወጥተን ለራት ቤታችን ከምንደርስበት ወጨጫ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ! በነገራችን ላይ ከኤቨረስት፣ 8,440 ሜትር ላይ ከተወሰደ በረዶ ውስጥ የዘርዎ ብናኝ ተገኝቷል። እንኳን ደስ ያለዎት።

እንጦጦ የቀሩት ዘመዶችዎ ይሻላሉ። ክረምት ሲገባ በቀበና ወንዝ ተንሳፈው እኛው ዘንድ ይወርዳሉ። የታክሲ ሰልፍ የለባቸው።

ድንጋይ ላይ ስሙን በቀለም ጽፎ የሚመለሰውን ጀግና ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ... ኧረ ክብሩ ይቅር! አንተ! ስንወጣ የእረኛ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ተከትለውን ነበር። ውሃ ሊይዙብህ። ክዳንህ ያልጠፋ፣ ደህናውን የሰጣቸው አልነበረም። ተጨማድደህ ገደል ከተወረወርክ በኋላ ግን፣ ለምን ትጥላላችሁ ብል የተመለሰልኝ ምንድን ነው? «ተወው፣ የገበሬ ልጆች ይለቅሙታል።» የሰው ልጅ ገደል ወርዶ የእኛን ትራፊ ይልቀም! በማግስቱ ጠዋት እኮ እነዚያው ልጆች ከብት ይዘው እዚያው ናቸው። ላሟ አንተን ስታላምጥ የሚያዩት እነሱ ናቸው። እኛ ፎቶው ስንት ላይክ አገኘ እንላለን።

ይቅርታ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? በእግርዎ አልወጡ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስ እውነተኛ ቆራሌው አገኘኝ። «ይሄ የኔ መስመር ነው» አለ ቆጣ ብሎ። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ማዳበሪያውን ተቀብሎ በእጁ መዘነና፣ «ለዚህ ነው ተራራ የወጣኸው?» አለኝ። ከዚያ የታክሲ ሂሳብ ቆጥሮ ሰጠኝ። የአንድ ሰው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
የመጨረሻዋን ወንበር ለያዘው ልጅ። ሦስቱ ተሸጠውልሃል፤ መጥተህ ሂሳብህን ውሰድ።