ማስተካከያ፦ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ብሬከር ማሳደግ አደጋ አለው

ከፒያሳ እስከ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ሲቀባበሉት የሰነበተ ጽሑፍ፣ ከከሰልና ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚዞሩ ቤቶች «ምጣዱ ሲበራ ብሬከሩ እየወረደ ካስቸገረ 16ቱን በ32 አምፔር ቀይሩት» ይላል። ምክሩ ስሕተት ነው።

ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ እንጂ ምጣዱን አይደለም። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 4,000 ዋቱ ከ18 ያልፋል። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ከ20 አምፔር ብዙም የዘለለ አቅም የለውም። 32 ሲገጠምበት ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ቀድሞ የሚቀልጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለው መገጣጠሚያ ነው።

ትክክለኛው፣ ከብሬከር ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከነግራውንዱ (ከመሬት ማያያዣ ሽቦው ጋር)፣ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር መዘርጋት ነው። በተራ ሶኬት ፋንታ ይህን ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠም። ስሌቱ የተሠራው ምጣዱ ላይ ከሚጻፈው ዋትና ከሽቦ አቅም ሰንጠረዥ ነው።

32 ያስገጠመ ሰው ምጣዱን አቁሞ በባለሙያ የቀድሞውን ያስመልስ፤ የጠቆረ ሶኬት ካለም አብሮ ይቀየር።

«ምጣድ፣ ምድጃና ቦይለር አንድ ላይ አታብሩ» የሚለው የጽሑፉ ክፍል ግን ትክክል ነው። 3,500፣ 2,000 እና 1,500 ዋት ሲደመር በአንድ ፌዝ (በአንድ የኃይል መስመር) ወደ 32 አምፔር ይጠጋል።