የቦይለሩ ፎረፎር

መጀመሪያ የታየው ትከሻዬ ላይ ነው። ጥቁር ሹራብ ለብሼ ቢሮ ስገባ አንዷ ባልደረባዬ ጠጋ አለችና፣ ማንም የማይሰማት መስሏት፣ «ፎረፎር ይዞሃል እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ።

በዚያው ቀን የፎረፎር ሻምፖ ገዛሁ። አልለቀቀኝም። ውድ የሚባለውን ገዛሁ። ጭራሽ ባሰበት። ሬት ተቀባ ያለኝም ነበር፤ ተቀባሁ። ፎረፎሩ እዚያው፣ እኔ ደግሞ ሬት ሬት የምሸት ሰው ሆንኩ።

ጉዱ የወጣው አንድ እሁድ ነው። ካልሲ ላጥብ ብዬ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃ ቀዳሁ። ውሃው ሲረጋ ከሥሩ ነጫጭ ነገር ተኝቷል። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀው የበተኑበት ነው የሚመስለው። አንዱን አንስቼ በጥፍሬ ስጫነው ቀጭ አለ። ቀዝቃዛውን ቀድቼ አየሁ፤ ኩልል ያለ ነው። ለካ ፎረፎር የያዘው እኔን ሳይሆን ቦይለሩን ኖሯል!

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ለእትዬ መንገር አለ።

እትዬ አከራዬ ናቸው። እሳቸው ዋናው ቤት፣ እኔ ሰርቪሱ። ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አቤቱታ ይዘህ ገብተህ የኪራይ ጭማሪ ይዘህ ልትወጣ ትችላለህ። እርግጥ አሁን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም ባሻው ጊዜ እየተነሳ እንዳይጨምር ይላል። እግዜር ይስጥልን። ግን በአንድ በር የሚወጣና የሚገባ ሰው አዋጅ ጠቅሶ ሲያበቃ በማግስቱ እንዴት ብሎ «እንደምን አደሩ» ይላል?

ስለዚህ በማስረጃ ሄድኩ። ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ ከሙቁ፣ አንዱ ከቀዝቃዛው።

«ግባ ልጄ። ምንድን ነው የያዝከው? አረቄ ነው?»

«ውሃ ነው እትዬ። ሙቁ ቅርፊት እያመጣ ተቸገርኩ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው፣ የላቦራቶሪ ሰው ይመስል፣ አየት አደረጉት።

«ካልሲየም ነው። ለአጥንት ጥሩ ነው።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «አንተ ከመግባትህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አሉ።

አያችሁልኝ? ለአጥንት ጥሩ ነው፤ ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ልመሰገን አይገባም?

ወሬው ግቢውን ሲዞር ሁሉም ባለሙያ ሆነ። ዘበኛው ሮቶው ውስጥ ወፍ ሞታ ነው አለ። የጎን ተከራዩ የቻይና ዕቃ ሲባል እንዲሁ ነው አለ። ደረጃ አቁሜ ሮቶውን አየሁት፤ ወፍ የለም። ደግሞስ ሙቁም ቀዝቃዛውም የሚወርደው ከዚያው ሮቶ አይደል? ወፏ ሙቅ ውሃ መርጣ ነው የሞተችው?

የቧንቧ ሠራተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በአሥር ሰዓት መጣ። ሳፋውን አየና «አቼቶ አለ?» አለኝ። ሰላጣ ሊሠራልኝ መስሎኝ ነበር። ቅርፊቱ ላይ ጠብ ሲያደርግበት ቺስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። «ኖራ ነው» አለ። ዝገት ወይም ጎማ ቢሆን ዝም ይል ነበር። ቡናማ ከሆነ የቦይለሩ ጋን ወይም የብረት ቧንቧው ዝጓል ማለት ነው፤ ጥቁር ሆኖ ለስለስ ካለ ደግሞ የፍሌክሲብሉ፣ ማለትም የተጣጣፊው ቱቦ፣ ጎማ እየተበላ ነው።

ሰፈራችን ከሳሪስ ወዲያ ነው፤ ውሃችን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ነው አለኝ። የገፈርሳና የለገዳዲ ውሃ ግድብ ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። የጉድጓድ ውሃ ግን በድንጋይ መሃል ሲመጣ ካልሲየሙን እያሟሟ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ አይታይም። ሲሞቅ ይጠጥርና ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ እየተቀረፈ ይወርዳል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ያው እሱ ነው።

መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፣ ውሃው እስኪበርድ ጠበቅን፣ ከዚያ ቦይለሩን ከሥሩ ፈታው። የወጣውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። መጀመሪያ ነጭ ጭቃ፣ ቀጥሎ ቅርፊት፣ ቀጥሎ የአውራ ጣት የሚያህል ድንጋይ። ግማሽ ባልዲ ሞላ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ሽቦ መዞ አወጣ።

«ይሄ የማግኒዚየም ዘንግ ነበር። ጋኑ እንዳይዝግ ቀድሞ እሱ እየተበላ ያልቃል። ሥራው መበላት ነው።»

«ተከራይ ነዋ!» አልኩት። እትዬ በር ላይ ቆመው ስለነበር አልሳቀም።

ሒሳብ ላይ ተደረሰ። እትዬ ዘንጉን አንተ ግዛ፣ የእጁን እኔ አሉ። እኔ ዘንጉ ጋኑ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ስወጣ ይዤው አልሄድ አልኩ። ሠራተኛው ከማንም ይሁን ብቻ ይከፈለኝ አለ። ግማሽ ግማሽ ተስማማን። ሙቀቱንም እስከ ጥግ እንዳላዞረው፣ ከ60 ዲግሪ ባይበልጥ ኖራው እንደሚቀንስ መክሮኝ ሄደ።

እትዬ ለእርቅ ቡና ጠሩኝ። እጄን ልታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤታቸው ገባሁ። የሙቁ ቧንቧ አፍ ላይ የነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። የነጠላው ሆድ በነጭ ቅርፊት ተነፍቷል።

ከሳሎን ድምፃቸው መጣ። «ልጄ፣ በቀዝቃዛው ታጠብ! ሙቁን እንዳትነካው!»