ለደጋ አጋዘን 300 ወይስ 375?

ፈቃድ ይዞ በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ሊያድን የሚወጣ ሰው የትኛውን ጠመንጃ ይያዝ? 300 ዊንቸስተር ማግነም ወይስ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ? የመጀመሪያው አረር 7.8፣ ሁለተኛው 9.5 ሚሊሜትር ይሰፋል። ሁለት አዳኞች ተሟግተውበታል፤ አንደኛው ወጣት ነው፣ ሌላው በዕድሜ የገፉ ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እኔ 300ን እመርጣለሁ። የደጋ አጋዘን ከ3,000 ሜትር በላይ ከአስታው ቁጥቋጦ ጫፍ ቆሞ ማዶውን የሚቃኝ እንስሳ ነው። ልጠጋው ሲሉ ነፋሱ ሽታዎን ያደርስለታል። ትልቁ ወንድ ቢመዝን 300 ኪሎ ግድም ነው። 11.7 ግራም አረር በሰከንድ 900 ሜትር እየበረረ ከመጣበት ይበቃዋል።

አዛውንቱ፦ ማዶ ያለውን ማዶ ሆነህ ተኩስ ያለህ ማን ነው? የአዳኝ ሙያው መጠጋት ነው። ደግሞስ የሁለቱ ጠመንጃዎች ማነጣጠሪያ በ200 ሜትር ተስተካክሎ በ300 ሜትር ቢተኮሱ፣ የ375 አረር ከ300ው ዝቅ የሚለው በግማሽ ስንዝር ግድም ነው። ለግማሽ ስንዝር ብዬ የ375ን 19.4 ግራም አረር ልተው? አጋዘን ተመትቶ አስታው ውስጥ ከገባ የምትከተለው ደሙን ነው። ትልቁ አረር በወዲያኛው ጎን ይወጣል፤ ደም ያፈስልሃል። ትንሹ ሆዱ ውስጥ ቢቀርና ጉም ቢወርድብህ ምን ትከተላለህ?

ወጣቱ፦ በክብደትማ ከሆነ ውጅግራን ማን ይስተካከላል? 25 ግራም እርሳስ ይተፋ ነበር፤ ግን በሰከንድ 450 ሜትር ብቻ። አረሩ ቀሎ የሚፈጥነው ምንሽር ሲመጣ ውጅግራ ልያዝ ያለ ማን ነበር? ዛሬ ከመዳብ ብቻ የሚሠራው አረር በ300ም ቢሆን ሳይበተን ዘልቆ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ካራሞጆ ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው።

አዛውንቱ፦ ቤልን ለቀቅ አድርገው። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የቱ ጋ እንደሆነ ያጠና ሰው ነው። አንተ ባለፈው ወር ኢላማ ስንለማመድ ከሦስት ጥይት አንዱን ከወረቀቱ ውጭ አሳርፈሃል።

ወጣቱ፦ እሱማ የእርስዎ 375 ነበር! በ300 ስተኩስ ሦስቱንም በአንድ መዳፍ መሸፈን ይቻል ነበር። ሳላፍር ልናገር፤ 375 ትከሻዬን ስለሚመታኝ ቃታውን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ግፊቱ ከ300 በግማሽ ያህል ይበልጣላ! ተፈርቶ የተተኮሰ ትልቅ አረር ልብና ሳንባ ስቶ አንጀት ያገኛል። አንጀቱን የተመታ አጋዘን ደግሞ ሸለቆ ለሸለቆ ሲያንከራትትዎት ይመሻል፤ በ375 ተመታ በ300 ለውጥ የለውም።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ያዝከኝ። የምትፈራውን ጠመንጃ አትያዝ፤ እኔም በወጣትነቴ የጨፈንኩበት ጊዜ አለ፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ግን ከአጋዘኑ በኋላ ኦሞ ሸለቆ ለጎሽ እንወርድ የለም? ጎሽ እንደ አጋዘን አይሸሽም፤ ከቆሰለ ቁጥቋጦ ውስጥ አድብቶ ይጠብቅሃል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕጉ ራሱ ለጎሽ 375ን ወይም ለእሱ የሚቀርበውን ነው የሚያዘው።

ወጣቱ፦ ለጎሹ የእርስዎን 375 እዋሳለኋ!

አዛውንቱ፦ ጎሹ እየመጣብህ ዓይንህን ልትጨፍን?