ቡናው በአልጋ፣ በቆሎው በመሬት

ለቅሶ ቤት ካንሰር ሲነሳ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዘራቸው አለ» ይላል። ወሬው እዚያው ያልቃል። የሟች ልጆች ግን ቃሉን ተሸክመውት ይኖራሉ። ይህ ግፍ ነው።

በዘር የሚወረስ ካንሰር አለ፤ አልክድም። ቢአርሲኤ1 የሚባለው ጂን፣ ማለትም በሴል ውስጥ ያለ የውርስ መመሪያ፣ ተበላሽቶ ሲወረስ የጡት ካንሰር አደጋን በጣም ይጨምራል። ግን ከጠቅላላው ካንሰር በውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው በኑሮ ውስጥ የሚጠራቀም ጉዳት ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር የጂኑን ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። ሰውነት አብዛኛውን ያርማል። ያመለጠው ስሕተት ግን ከዓመት ዓመት ይደራረባል፤ አንድ ቀን አንዱ ሴል መባዛቱን ማቆም ያቅተዋል። ካንሰር በዕድሜ የሚበዛው ለዚህ ነው። ዕድሜን ማስቆም አንችልም፤ ስሕተቱን ከሚያበዙት ነገሮች ግን ብዙዎቹን መከላከል እንችላለን። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

በቆሎን እንውሰድ። የጅማ ዙሪያ ገበሬ እሸት ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያሰጣል፣ ያገላብጣል፣ ጤዛ እንዳይነካው ማታ ይሸፍናል። ሻጋታ ከሸተተ ገዢው ዋጋ እንደሚጥልበት ያውቃላ! በቆሎው ግን ባዶ መሬት ላይ ይሰጣል፤ በደንብ ሳይደርቅም ጎተራ ይገባል። እዚያ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ ጉበት ገብቶ ያንኑ የጂን ጽሑፍ ያበላሻል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ሲጨመር አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። መቀቀልም መጋገርም አያጠፋውም። «ለላሟ ስጧት» የተባለው የሻገተ በቆሎም በወተቷ ዞሮ ልጅ ጋ ይደርሳል። ለውጭ ገዢ የምንጨነቀውን ያህል ለራሳችን ልጆች አለመጨነቃችን ያሳዝነኛል።

ቡናው ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ቡናን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቶ፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ግን ተጠርጣሪ አድርጓል። ስለዚህ ሲኒው ትንሽ ይብረድ።

ክትባትም አለ። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት የጉበት ቫይረስ ቢን ይከላከላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ደግሞ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ።

የግብርና ባለሙያዎቻችን ስለ ቡና ጥራት ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ። በዚያው ጉዞ ስለ በቆሎውም ቢናገሩ ምን ይከብዳል? አልጋ ባይገኝ ሸራ ላይ ይሰጣ። ሲነክሱት ቋ የማይል በቆሎ ገና እርጥብ ነውና ጎተራ አይግባ።