የእምቦጭ ካርቦንና የባሕር ዳር ባጃጅ

የክርክሩ ርእስ፦ ከጣና እምቦጭ የሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክን በፍጥነት የሚቀበልና የሚሰጥ ማከማቻ) ኤሌክትሮድ (ቻርጁን የሚይዝ የውስጥ ክፍሉ) መሥራት ይበጃልን?

የኬሚስትሪ መምህሩ፦ ከደንቢያና ከፎገራ ዳርቻ በሰው ጉልበት እየተጎተተ የሚወጣው እምቦጭ ተከምሮ ሲበሰብስ ማየት ያንገበግበኛል። አየር በሌለበት ምድጃ ከስሎ፣ ቀጥሎም ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ በናኖሜትር የሚለኩ ቀዳዳዎች የሞሉት ካርቦን ይሆናል፤ የአንድ ግራሙ ገጽ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሱፐርካፓሲተር ቻርጅ የሚያከማቸው በዚህ ገጽ ላይ ነውና ሥራውን እዚሁ ብንጀምር ጣናም ይድናል፣ ባጃጁም ያለ ቤንዚን ይሄዳል።

ኢንጂነሩ፦ «ባጃጁም ያለ ቤንዚን ይሄዳል» የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። ለገበያ የቀረበ የካርቦን ሱፐርካፓሲተር በኪሎ የሚይዘው ከ5 እስከ 10 ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የሊቲየም ባትሪ ከ100 ይበልጣል። 50 ኪሎ ቢጫን ከ500 ዋት ሰዓት አያልፍም፤ ይህ ተሳፋሪ የያዘን ባጃጅ ጢስ ዓባይ አያደርስም።

መምህሩ፦ ከጻፍሁት ሁሉ አንዲት ሐረግ ነጥለው መያዝዎ ቅር አሰኝቶኛል። ባትሪን ይተካል አላልሁም። ባጃጁ ሲነሣና የቤዛዊትን ዳገት ሲይዝ የሚፈልገውን ድንገተኛ ኃይል ይሰጣል፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰውንም በሰከንዶች ይቀበላል፤ መቶ ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ቢራገፍም እምብዛም አይደክም። በካርቦኑ ላይ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በስሱ ቢለበጥበት ደግሞ አቅሙ ይጨምራል።

ኢንጂነሩ፦ «ይሄዳል» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ አሁን «ሲነሣ ያግዘዋል» ሆነ። እንዲያም ቢሆን፣ ጥቂት ሚሊግራም በተቀባ ስስ ገጽ ላይ በሦስት ኤሌክትሮድ (አንዱን ኤሌክትሮድ ለብቻው በሚለካ የቤተ ሙከራ ዘዴ) የተለካ ፋራድ (የቻርጅ መያዣ አቅም መለኪያ) የመሣሪያ አቅም አይደለም። ሁለት ተመሳሳይ ኤሌክትሮዶች ሴል ሆነው ተገጣጥመው አቅማቸው በጠቅላላ ክብደታቸው ሲካፈል፣ በግራም ከተለካው ሩቡ ብቻ ይቀራል። በውሃ ኤሌክትሮላይት (በኤሌክትሮዶቹ መካከል ቻርጅ በሚያስተላልፍ ፈሳሽ) የሚሠራው ሴል ከ1 ቮልት ብዙ አያልፍም፤ ጉልበቱ ደግሞ የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ከካርቦኑ ላይ ፖታሲየሙ የታጠበበት ውሃስ ወዴት ይፈስሳል?

መምህሩ፦ ስለ ሩቡ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን መልሰው ለእኔ ማስተማርዎ አይገባም ነበር። ጉዳዩ የአለካክ ከሆነ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊግራም ያህል ካርቦን የጫነ ኤሌክትሮድ ሠርተን፣ በሙሉ ሴል ገጣጥመን እንለካው፤ ከእርስዎ የምሻው ሴሉን በባጃጅ ሞተር ላይ እንዲፈትኑት ነው።

ኢንጂነሩ፦ እፈትነዋለሁ። ነገር ግን እምቦጭ የሚመጠው ማዕድን እንደ ዳርቻውና እንደ ወቅቱ ይለያያልና፣ አመዱ በአሲድ ሳይወጣ የአንዱ ክምር ካርቦን የሌላውን አይመስልም። ይህም አጠባ ነው፤ ስለ አጠባው ውሃ የጠየቅሁት ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም።